የክንፉ ዋስ

ስልኬ ላይ የሐያት ስም ሲመጣ ቶሎ አላነሳሁትም። ሐያት የጋሽ ኑሬ ልጅ ናት፤ ለደህና ነገር መልእክት ትልካለች እንጂ አትደውልም። ሲጮህ ቆሜ አየሁትና በልቤ «ቢኒ ሞተ» አልኩ። ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። ጋሽ ኑሬና እኔ ለዓመታት ስንፈራው የኖርነው ያንን ስልክ ነበር። አነሳሁና ሰላም እንኳ ሳልላት «መኪናው ውስጥ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የምን መኪና?» አለችኝ። «አባዬ ነው እኮ ወይኒዬ። አባዬ ዐረፈ።»

ሱብሒ ሰግደው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ፤ ቁርስ ይዛላቸው ስትመጣ አልነቃ አሉ። ልባቸው ነው ተብሏል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ማልቀስ ሲገባኝ ግራ ተጋብቼ ቆምኩ። ሞት አድራሻ የተሳሳተ መሰለኝ።

ጋሽ ኑሬ መኪና አስዋቢ ነበሩ። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የጋራዥ ግቢ በር ላይ እኔ የመኪና ጌጣጌጥ እሸጣለሁ፤ የወንበር ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ሽቶ የመሳሰለውን። ከሱቄ ኋላ ያለው የቆርቆሮ ጥላ የእሳቸው ነበር። ስፖርት መኪና ያለው ወጣት ዞሮ ዞሮ መድረሻው እዚያ ጥላ ሥር ነው። ከፊት ፓራውልት ሥር የሚገባውን ከንፈር፣ በበሮቹ ሥር የሚሄደውን ጠርዝ በፋይበር ሠርተው ይገጥማሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሚታወቁት ከኋላ ኮፈን ላይ በሚቆመው ክንፍ ነው። ወጣቶቹ ስፖይለር ይሉታል። ጋሽ ኑሬ ክንፍ ነው የሚሉት፣ እኔም የእሳቸውን ለመድኩ።

ገበያ ሲቀዘቅዝ በርጩማዬን ይዤ ሄጄ ሲሠሩ አያቸው ነበር። ኮፈኑን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑና ከሁለቱ የኋላ መብራቶች ክር ወጥረው መሃሉን ይፈልጋሉ። ባለመኪናው እንዳይቸኩል ያደርጉታል፤ ክንፉን እንዲሁ አስቀምጠው ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ተቀምጠው፣ ቆመው ያዩታል። መብሻውን፣ ትራፓኖውን ከማንሳታቸው በፊት ቢስሚላህ ይላሉ። ብረት ጨርቅ አይደለም፣ አንዴ ከተበሳ አይጣፍም ይላሉ። የኮፈን ላሜራ ስስ ስለሆነ ሌላው ገጣሚ ብሎኑን እንዲሁ ያስርበታል፤ እሳቸው ግን ማንም በማያየው በኩል ከሥሩ ወፍራም ብረት ያስገባሉ፣ ክንፉን ነፋስ ሲጎትተው ላሜራው እንዳይቀደድ። ዙሪያውን ውሃ እንዳያስገባ በሲሊኮን ይዘጉታል። ሲጨርሱ ክንፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ይወዘውዙታል፤ መኪናው ከነጎማው እስኪነቀነቅ ድረስ።

ብሎኖቹን የሚይዙት አፋቸው ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ይውጡታል ብሎኑን፣ ሆድዎ ጋራዥ ይሆናል እያልኩ አሹፌባቸዋለሁ። አይሰሙኝም። ሥራ ባይኖር እንኳ አንድ ብሎን ከጉንጫቸው አይጠፋም። ሲፈሩ ከግራ ጉንጭ ወደ ቀኝ ያሻግሩታል፣ ጥርሳቸውን ሲነካ ቀጭ ይላል። ፊታቸውን ሳላይ ያንን ድምፅ ብቻ ሰምቼ መፍራታቸውን አውቅ ነበር።

የሚፈሩት መኪና ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ቤታቸው ካዛንቺስ ነበር፤ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው የገቡበት፣ እሳቸው የተወለዱበት የቀበሌ ቤት። በየቀኑ ከካዛንቺስ በኦሎምፒያ አድርገው ቡልጋሪያ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሲመሽም በእግራቸው ይመለሳሉ። በዝናብ ጭምር። ታክሲ ያዙ እንጂ ስላቸው «መኪና ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ ወይኒ» ይሉኛል። ዜብራ ላይ መኪናው ቆሞላቸው እንኳ የሹፌሩን ዓይን አይተው ነው የሚሻገሩት። ሥጋ የማይቀምሱ ሥጋ ቆራጭ እላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁና ፈሪ ለእናቱ ሲባል ስድብ ይመስልሻል፣ ምርቃት እኮ ነው ይሉኛል።

ፍርሃቱ ከየት እንደጀመራቸው የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ወደ ግቢው ከመምጣቴ በፊት ለአንድ ወጣት ክንፍ ገጠሙ። ልጁ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። የተሰባበረችውን መኪና ጎትተው ጋራዥ አመጧት። ፊቷ የለም፣ ጣሪያዋ ተጨፍልቋል፤ ክንፉ ግን ልክ እሳቸው እንዳቆሙት ቆሟል። የልጁ አባት መጥተው መኪናዋን ዞሯት። ክንፉ ላይ እጃቸውን ጫኑና ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወደ ጋሽ ኑሬ ዞረው «ሥራህ ጥሩ ነው» አሏቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም፣ ሄዱ።

ቢሰድቡኝ ኖሮ እገላገል ነበር አሉኝ ጋሽ ኑሬ። ክንፉ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የብሎን ነው፤ ብሎን ደግሞ ማጥበቅ ይቻላል። ክንፉ ጸንቶ ልጁ ሲሞት ምኑን ያጥብቁት? ይህን ሲነግሩኝ ብሎኑ አፋቸው ውስጥ አላረፈም።

መፍትሔ ያሉትን ያገኙት ከአገራችን ወግ ነው። ዋስ መጠየቅ ጀመሩ። ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ አምጣ እንደሚባለው፣ ክንፍ ይገጠምልኝ የሚል ሁሉ ዋስ ያመጣል። የገንዘብ ዋስ አይደለም፣ የነፍስ ነው። ክንፉ የተገጠመ ቀን ዋሱ ይመጣል፣ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ባለመኪናው ሰፈሩን አንዴ አዙሮ ይመልሰዋል። ከዚያ ዋሱ ወርዶ ጋሽ ኑሬ ፊት ይቆምና «ለዚህ ልጅ እኔ ዋስ ነኝ፤ እሱ ባይፈራ እኔ እፈራለታለሁ» ይላል። ይህ ሳይባል ቁልፍ የለም።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ያበዱ መስሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ዋሱ ቤቱ ሆኖ ቢፈራ መኪናው ውስጥ ላለው ምን ይጠቅመዋል አልኳቸው። ጋሽ ኑሬ ግን አስበውበታል።

«ሰው ያለ ፍርሃት አይኖርም ወይኒ» አሉኝ። «ወጣት ላይ ግን ገና አልበቀለም። እስኪበቅልበት ሌላ ሰው ይያዝለት።»

ወጣቶቹ ሳቁባቸው፤ ከሳቁ በኋላ ግን ተመልሰው መጡ፣ እንደ እሳቸው የሚገጥም የለማ። እናቶቻቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ሻርፕ ያጠለቁ እናቶች ከጠባቡ የኋላ ወንበር እየተጎተቱ ሲወጡ ማየት የግቢው መዝናኛ ሆነ። አንድ ሀብታም ልጅ የአባቱን ሹፌር ዋስ አድርጎ አመጣ። ጋሽ ኑሬ ደመወዝ የምትከፍሉት ሰው አይፈራልህም፣ አንተን ነው የሚፈራው ብለው መለሱት። ሌላው ሚስቱን አመጣ። ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ሴትየዋ ወረደችና እኔማ ለዚህ ሰው ዋስ አልሆንም ብላ ታክሲ ይዛ ሄደች። ክንፉ እዚያው ተፈታ። እኛ ከሳቅ ብዛት ወገባችንን ስንይዝ ጋሽ ኑሬ ብቻ አልሳቁም፤ እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት አሉ።

አብዛኞቹ ልጆች ክንፍ መኪናዋን የሚያስበርራት ይመስላቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ያስረዳሉ። የወፍ ክንፍ ወደ ላይ ያነሳል፣ የመኪና ክንፍ ወደ መሬት ይጫናል። እሱም ከተማ ውስጥ ጌጥ ነው፤ ክንፉ ሥራ በሚጀምርበት ፍጥነት ላይ ፍሬንህ ሥራ ይፈታል ይሏቸዋል። ልጆቹ እሺ እሺ ብለው ወደ ቀለሙ ይመለሳሉ።

ቢኒ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ ስልክ የሚጠግን ቀጭን ወጣት። ተጋጭታ የተጣለች ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና አግኝቶ ለዓመታት ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራባት። ግራጫ አስቀብቷታል፣ ክንፉን ጥቁር ፈለገው። ሁሉም ነገር አለው፣ ዋስ ግን የለውም። እናቱ ሞታለች፣ አባቱን አያውቅም፣ ዘመድ የሚለው የለም። ጋሽ ኑሬም እንግዲያው አልገጥምም አሉት።

አልተቆጣም። በማግስቱ መጣ፣ በሌላውም ቀን መጣ። አንድ ያረጀ ጎማ ላይ ቁጭ ይልና ሲሠሩ ያያቸዋል። አይለምንም፣ አያወራም። እኔ ዝም ያለ ሰው አልወድም፤ ይከብደኛል። አንድ ቀን ሰለቸኝና ጓደኛ እንኳ የለህም ወይ፣ አንዱን ጎትተህ ና እንጂ አልኩት።

ቀና ብሎ ሳያየኝ «ሰው ቢኖረኝማ መኪና ምን ያደርግልኝ ነበር እትዬ ወይኒ» አለኝ።

ከጋሽ ኑሬ አፍ ቀጭ የሚለው ተሰማ። ብሎኑን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና ትንሽ አዩት። ከዚያ «እኔ እሆንሃለሁ» አሉት።

ተናደድኩ። ልጁ መኪናዋን ትቶ እስኪሄድ እንደምንም ታግሼ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉት ይሄ ነው አልኳቸው። ዕድሜ ልክዎን የሚሸሹትን ነገር በር ከፍተው አስገቡት አልኳቸው። እሳቸው ግን ኮፈኑን በፕላስተር መሸፈን ጀምረው ነበር። ለዚያች መኪና ከሥር ያስገቡት ብረት ከሌላው ሁሉ ይወፍር ነበር። ሲጨርሱ ከኋላ ወንበር ገቡ። ረጅም ሰው ስለነበሩ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ቢኒ ሰፈሩን አዙሮ ሲመልሳቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። ቃሉንም ራሳቸው ጠያቂ፣ ራሳቸው መላሽ ሆነው ተናገሩት፤ ለዚህ ልጅ እኔ ዋስ ነኝ፣ እሱ ባይፈራ እኔ እፈራለታለሁ። ቢኒ እየሳቀ ቁልፉን ተቀበለ። ከግቢው ሲወጣ ጎማውን አስጮኸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣን። ከመንገዱ በኩል የጭስ ማውጫ ጩኸት ሲመጣ ትራፓኖው ይቆማል። አምቡላንስ ሲያልፍ ከጥላው ወጥተው ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ ያዳምጣሉ። ቢኒ ደግሞ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ፈጣን መንገዱ ላይ በምን ያህል ፍጥነት እንደ ነዳ ሊነግራቸው ይመጣል፣ አባት ውጤቱን እንዲያይለት እንደሚፈልግ ተማሪ። ጋሽ ኑሬ እስኪጨርስ ይሰሙታል። እሱ ሲሄድ የዚያ ቀን ሥራ አበቃ፤ ትራፓኖውን መልሰው አያነሱትም። እኔም መፍራት ጀመርኩ። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚባለው አፌ ላይ ሲመጣ እመልሰዋለሁ፤ ከተናገርኩት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ የሆነ መሰለን። ምንጣፍ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ፈጣን መንገዱ ላይ አደጋ ደረሰ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። አንዲት ግራጫ ስፖርት መኪና ከጭነት መኪና ሥር ገብታለች። ፊቷ አይታይም። ከኋላዋ ጥቁር ክንፍ ቆሟል። ጋሽ ኑሬ እንዳያዩት ስልኩን ልሸፍነው አሰብኩ፤ ግን ከኋላዬ ቆመው ነበር።

ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። የእጃቸው ሥራ ይሁን አይሁን ሊለዩት አልቻሉም። የሚለየው ከሥር ያለው ብረት ነው፣ ከሥር ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ የለም። ቢኒ ጋ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ጋሽ ኑሬ ብሎኑን ተፉት። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ የሥራ ካፖርታቸውን አውልቀው «እንሂድ» አሉኝ።

ልጁ የተወሰደበትን ሆስፒታል ደንበኛው ራሱ ደዋውሎ አገኘልን። ታክሲ ያዝን። ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ አዘነልንና መፍጠን ጀመረ። ጋሽ ኑሬ ከኋላ ትከሻውን ያዙት።

«ቀስ በል ልጄ» አሉት። «እዚያ የሚጠብቀን የትም አይሄድም።»

ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። ሹፌሩ እንዲፈጥንም እንዲዘገይም እፈልግ ነበር። ቀስ ባልን ቁጥር ቢኒ ትንሽ የሚቆይልን መሰለኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው የተጎጂው ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«ዋሱ ነኝ» አሉ ጋሽ ኑሬ።

ጥበቃው ግራ ገባው። ዋስ የሚፈለገው ፖሊስ ጣቢያ ነው አባቴ፣ እዚህ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው አላቸው በትሕትና። እኔ መሃል ገብቼ አባቱ ናቸው አልኩት። ስናገረው ውሸት አልመሰለኝም።

አንዲት ነርስ ወሰደችን። ልጁ ነፍሱ አለች፣ ራሱን ግን አያውቅም። ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ ያልተጠቀለለው ፊቱ አብጦ ዓይኑ አይታይም። ቁመቱ የቢኒ ነው። የቆዳው ቀለምም የቢኒ ነው። ጋሽ ኑሬ ከአልጋው ግርጌ ቆመው ወደፊት መራመድ አቃታቸው። የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል፣ አልጋው ከእሳቸው ጋር ይንቀጠቀጣል። እኔ ማየት ፈርቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከዚያ እርምጃቸውን ሰማሁ። የልጁን እጅ ከአንሶላው ሥር አውጥተው ጣቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ቢኒ አውራ ጣቱ ላይ ስልክ ሲበይድ የተቃጠለው ጠባሳ አለው። የዚህኛው እጅ ንጹሕ ነው።

«አይደለም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አይደለም።»

ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ነርሷ ታያቸዋለች። የሰው ልጅ ተኝቶ እያቃሰተ እሳቸው ፈጣሪን አመስግነዋል። ያን ጊዜ የነበረው ፊታቸው ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፣ ክንዳቸውን ይዤ እንውጣ፣ ቢኒን እንፈልገው አልኳቸው። አልተንቀሳቀሱም። የልጁ ቤተሰብ መጥቷል ወይ ብለው ነርሷን ጠየቋት። ስልኩ ስለተሰበረ ማንንም ማግኘት አልተቻለም፣ እየተፈለገ ነው አለች። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። የልጁን እጅ አልለቀቁትም።

«ይኼኛው ዋስ የለውም» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው እስኪመጣለት እኔ እፈራለታለሁ።»

አክስቱ የደረሰችው ሊመሽ ሲል ነው። ማን እንደሆኑ ስትጠይቃቸው መንገደኛ ነኝ ብለው ወንበሩን ለቀቁላት። ያ ልጅ ይዳን ይሙት እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሄደን ለመጠየቅ ሁለታችንም ፈራን።

ቢኒ በማግስቱ ጠዋት እየሳቀ ብቅ አለ። ትኩሳት ይዞት ቤቱ ተኝቷል፣ መብራት ጠፍቶ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። የስልክ ጠጋኝ ስልኩ ይዘጋል ወይ ብዬ ጮህኩበት፤ ቀጥዬም አለቀስኩ። የሆነውን ስንነግረው ሳቁ ጠፋ። ፈራ ማለት ግን አልችልም፤ አፈረ እንጂ። ጋሽ ኑሬን ደስ የሚያሰኝ መስሎት ክንፉን ፍቱልኝ አላቸው።

«ክንፉ ምን አደረገ?» አሉት። «ክንፉን ብፈታው እግርህን አልፈታው። ነዳጅ የሚረግጠው እሱ ነው።»

የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቀኑ መኪናዋን ካቆመ በኋላ ሚስኮል ያድርግላቸው። አያነሱትም፤ አንዴ ጮሆ ዝም ካለ ልጁ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው። ቢኒ እሺ አለ።

አንድ ረመዳን ለማፍጠሪያ ቤታቸው ጠርተውኝ ነበር። አዛኑ ሲሰማ በአንዲት ተምርና በውሃ አፈጠሩ፣ ከዚያ ግን መብላቱን አቆሙ። ሐያት ሾርባውን ቀድታለች፣ ሳምቡሳው ተደርድሯል። እኛንም እሳቸው ካልበሉ መብላት ከበደን። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ከተምሩ ሳህን አጠገብ ተቀምጧል። ሐያት ጨዋታ ለማምጣት ሞከረችና ተወችው። ሾርባው ላይ ስቡ ረጋ። እኔ በሆዴ ቢኒን እሰድባለሁ፣ በዚያው ሆዴ ደግሞ አንድ ነገር ደርሶበት እንዳይሆን ብዬ እጸልያለሁ። ስልኩ አንዴ ጮኸና ዝም ሲል የጋሽ ኑሬ ትከሻ ወረደ። እጃቸውን ወደ ማዕዱ ዘርግተው ብሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ አሉን። የቀዘቀዘውን ሾርባ ጠጣን፤ እኔ ጣዕሙን አላውቀውም።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ቤታቸውም አብሮ ሄደ፣ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጣቸው። ከዚያ በእግር አይመጣም። ለተወሰነ ጊዜ ሚኒባስ እየያዙ ሞከሩ። ሱቄ በር ላይ ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸው ውሃ እሰጣቸዋለሁ። ቀስ በቀስ መምጣቱን ተዉት። ጥላቸው ሥር አሁን ጎማ ይከመርበታል። ቢኒ በየዓርቡ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር፣ እኔ ከስልክ አላለፍኩም። ስለ ልባቸው ሕመም አንድም ቀን አልነገሩኝም። ቢኒን አይተሽዋል ወይ፣ ከሳ ወይ፣ ዝናብ ላይ ይነዳል ወይ፣ ይኸው ነበር ወሬያቸው። እያወሩኝ ብሎኑ ቀጭ ሲል ይሰማኛል፤ ሥራ ትተው እሱን አልተዉትም።

ለቅሶ ስደርስ ቀብሩ አብቅቷል። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ድንኳን ተጥሏል። ሐያትን አቅፌ ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። ስናለቅስ ቆይተን ቢኒን በዓይኔ ፈለግኩት፤ የለም። ከድንኳኑ ውጭ ከቆሙት መኪናዎች መካከል ግራጫዋን ፈለግኳት፤ የለችም። ነግረሽዋል ወይ አልኳት። ጠዋት ነው የነገርኩት፣ አሁን መጣሁ ብሎኝ ነበር አለችኝ።

ከሰንጋ ተራ በእሱ አነዳድ ለቀብሩም መድረስ ነበረበት። ያ አሮጌ ፍርሃት ተነሳብኝ። ደወልኩለት፤ ይጠራል፣ አያነሳም። ከድንኳኑ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ጭነት መኪናዎች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። ከሩቅ የአምቡላንስ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝና ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትውሰድብኝ አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ አጠገቤ የቆመ ሰው ዞሮ አየኝ።

የመጣው በእግሩ ነው። ከሚኒባስ ማቆሚያው በኩል፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሮጬ ያዝኩት። የት ነበርክ፣ መኪናህስ፣ ስልክ ለምን አታነሳም እያልኩ ክንዱን ነቀነቅኩት።

«ቆማለች» አለኝ። «ልመጣ ገብቼ ሞተሯን አስነሳሁ። ከዚያ እግሬ እምቢ አለኝ እትዬ ወይኒ፣ ነዳጁን መርገጥ አቃተኝ። በቃ... ከእንግዲህ ማን ይፈራልኛል አልኩ።»

ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ በአጠገባችን የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ይከተላል። አይዞህ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ፍርሃቱ ገና መብቀሉ ነውና አላልኩትም።